ቀጥ ያለ ጣት

ሰኞ ረፋድ ላይ አንድ ቀይ ወንዝ ከቦታው ተነሥቶ መሐንዲሱን ተከትሎ ወደ ከተማ ሄደ።

ጥፋቱ የመሐንዲሱ ነበር። የማዳጋስካር ወንዞች ብዙ ነገር ይችላሉ፤ ከብት ቢታጠብባቸው፣ ጥራጊ ቢደፋባቸው ዝም ነው። ቀጥ ያለ ጣት ግን አይወዱም። ይህ ወንዝ በሚያልፍበት መንደር ሕፃን እንኳ ወንዝ ሲያሳይ ጣቱን አጥፎ በአንጓው ነው የሚጠቁመው። ከተሜው መሐንዲስ ራዛካ ግን ድልድይ የሚሠራበትን ቦታ ሲያሳይ ሌባ ጣቱን ቀስሮ «ይሄኛው» አለ። መንደርተኛው ሁሉ አየ፤ አንድም ሰው አልተናገረም።

ቬሎኖሮ የሩዝ ችግኟን ተክላ ከጨረሰች ገና ሳምንት አልሞላትም። ውኃው ከማሳዋ እየተጎተተ ሲወጣ አየችና በቀጥታ ወደ መንደሩ ሽማግሌ ወደ ራቤ ሄደች። ባል የላትም፤ ከዚያ ማሳ ሌላ የምትበላበት የላትም።

«አባባ፣ ሲቀስር እያዩ ዝም አሉት?»

«እንግዳ ነው ልጄ። እንግዳ አይታረምም።»

«ወንዙን ይዞ ሲሄድስ?»

«በክብር ሸኘነው» አሉ ራቤ።

ደሟ ፈላ። ያናደዳት የመሐንዲሱ ጣት ብቻ አይደለም፤ የመንደርተኛው ይሉኝታም ነው። የእነሱ ጨዋነት የእሷን ሩዝ ሊያደርቅ! ነጠላ ጫማዋን አጥልቃ እርጥቡን መንገድ ተከተለች።

ራዛካን ያገኘችው ከተማ ውስጥ ባረፈበት የእንግዳ ማረፊያ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። አልጋው ላይ ተቀምጧል፤ ቀኝ እጁ እንደተዘረጋ ቀርቷል። ወንዙ ሦስት ቦታ ታጥፎ ወለሉ ላይ ተኝቷል። ወንበሩ ላይ ትንሽ አዞ ነበር።

«ሂድ ብለው እንቢ አለኝ፣ እናቴ» አለ ራዛካ። «የማረፊያው ባለቤቶች ደግሞ ክፍል ውስጥ ሌላ ሰው ማሳደር ክልክል ነው ይላሉ።»

«ጣትህን እጠፈዋ።»

«አልታጠፍ አለ። ነውር መሆኑን ማን ነገረኝ?»

«ማንም። እኔንም ያቃጠለኝ እሱ ነው። ተነሥ።»

የእጁን አንጓ ይዛ ደረጃውን አወረደችው። ወንዙም ተዘረጋና አንድ አንድ ደረጃ እያለ ከኋላቸው ወረደ። አዞው ቀረ።

መንደር ሲደርሱ ማሳዋ መሐል አቆመችው፤ ጣቱን ወደ ችግኙ አዞረችው። ውኃው እስከ ጉልበቱ ሞላ፤ ሩዙ ከሞት ተመለሰ፣ አረንጓዴም ሆነ። ራቤ ዱላቸውን ተደግፈው መጡ።

«እንግዳ እንዲህ አይያዝም ልጄ። ልቀቂው።»

«እንግዳ አይታረምም ብለዋል፣ አባባ። አላረምኩትም።»

ሽማግሌው ለራዛካ ጎንበስ ብለው ሰላምታ ሰጥተው ሄዱ። ቬሎኖሮ አረሟን ማረም ጀመረች።

ሲመሽ ቀና ብላ አየች። ራዛካ እንደቆመ ነው፤ ከጣቱ ጫፍ ቀይ ውኃ ይንጠባጠባል። ከማሳው ማዶ፣ ደረቁ ሣር ላይ፣ ከየት እንደመጡ የማታውቃቸው ሁለት ሌሎች ወንዞች ጎን ለጎን ቆመው ጣቱን ያያሉ።