ከወርቃማው አንበሳ ወደ ግራ

የዓለምወርቅ ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንዳደረገች ወደ መስኮቱ ተጠጋች። በኦስሎ ዳርቻ ባለችው ቬስትሊ ገና አልነጋም። የመጨረሻው የባቡር ጣቢያ መብራት በረዶው ላይ ቢጫ ሆኖ ተኝቷል፤ ወደ ሴንትሩም፣ ወደ መሐል ከተማው፣ የሚወርዱ ሠራተኞች አንገታቸውን ካፖርታቸው ውስጥ ቀብረው ቆመዋል። በሌላ ቀን ቢሆን እርሷም ከእነርሱ አንዷ ነበረች። ዛሬ ግን ከአለቃዋ የግማሽ ቀን ፈቃድ ወስዳለች፤ ምክንያቱን ስትጠየቅ «የቤተሰብ ጉዳይ» ብላ አልፋዋለች። ውሸት አልነበረም። የባሏን ታላቅ ወንድም ደቡብ ቻይና ውስጥ ካለ አንድ የወንበር ፋብሪካ በር ድረስ በስልክ ልትመራ መሆኑን መናገር ግን ማብራሪያው ስለበዛባት ተወችው።

«ጋሼ፣ የት ደረሱ?»

«ደርሻለሁ፣ ደርሻለሁ! አንቺ ብቻ አትጨነቂ።»

ስልኩ ተዘጋ።

ጋሽ አበጋዝ አዲስ አበባ ውስጥ የሴራሚክ ነጋዴ ናቸው። ለዕቃ ወደ ጓንዡ ሲመላለሱ ኖረዋል፤ አጠገቧ ወዳለችው ወደ ፎሻን ግን ብቻቸውን ሄደው አያውቁም። «እኔ መርካቶ ያደግሁ ሰው የፎሻን ሰፈር ሊጠፋኝ ነው?» ብለው ነበር የዓለምወርቅ ይህን አደራ ስትሰጣቸው።

አደራው ከባድ ነበር። በኦስሎ የእነ የዓለምወርቅ ቤተ ክርስቲያን የሌሎች ምእመናንን አዳራሽ በተረፈ ሰዓት እየተከራየ ዓመታት ከገፋ በኋላ ኦከርን በተባለ ሰፈር አንድ አሮጌ መጋዘን አገኘ። ቀለም ተቀባ፣ ወለሉ ታደሰ፤ ለፋሲካ ሊከፈት ታሰበ። ወንበር ብቻ ቀረ። የኮሚቴው ሰብሳቢ ወንድም ፊሊሞን «ጥቂትም ቢሆን እዚሁ እንግዛ፤ ያላየነውን ነገር ከዓለም ጫፍ አናምጣ» ሲል፣ በስብሰባ ላይ ድምፅዋ እምብዛም የማይሰማው የዓለምወርቅ ተነሣች። ባለፈው ዓመት በመሥሪያ ቤቷ ጉዳይ ፎሻን መሄዷን፣ ፋብሪካውን በዓይኗ ማየቷን ተናገረች። «ኃላፊነቱን እኔ እወስዳለሁ» አለችና ተቀመጠች። 

ከዚያ የናሙናው ወንበር በፖስታ መጣ። ያማረ ወንበር ነበር፤ ነገር ግን ከጎኑ ካለው ወንበር ጋር የሚያያዝበት መንጠቆ የለውም። ከኮሙኑ፣ ከከተማው አስተዳደር፣ የመጡት የእሳት አደጋ ባለሙያዎች ደግሞ በረድፍ የሚደረደር ወንበር ሁሉ እርስ በርሱ ካልተያያዘ አዳራሹ እንደማይከፈት አስረድተዋል፤ ሕዝብ ተደናግጦ ሲሮጥ የወደቀ ወንበር መውጫ ይዘጋል። ፋብሪካው ለደብዳቤዋ «መንጠቆው ይገባል» ሲል መለሰ። የዓለምወርቅ የሰው ዓይን እንዲያየው ፈለገች። ዛሬ ደግሞ የመጨረሻው ቀን ነው፤ ሲመሽ ሠራተኞቹ ለቻይናውያን አዲስ ዓመት ወደየአገራቸው ይበተናሉ፤ ካልተከለከሉም ወንበሮቹን ጭነው ይሄዳሉ።

ባሏ ታደገ አረጋውያን ከሚጦሩበት ሲኬየም የሌሊት ሥራውን ጨርሶ ገብቶ ሶፋው ላይ ተጋድሟል። ዓይኑን ሳይገልጥ «ምን አለ?» አላት።

«ደርሻለሁ አሉ።»

«ወንድሜ ደርሻለሁ ካለ ሱሪውን እየታጠቀ ነው ማለት ነው።»

«እንዲህ አትበል።»

«ናይ፣ የለም፣ እውነቴን ነው። በሠርጋችን ቀን ‹ደርሻለሁ› እያለ እስከ ከሰዓት በኋላ የገተረንን ረሳሽው? ሙሽራዋ እኮ አንቺ ነበርሽ!»

አልረሳችም። ሆኖም ማመን ፈለገች፤ ወደ ፋብሪካውም ደወለች። የውጭ ደንበኞችን የምታስተናግደው ሚስ ሊን ፈጠን ባለ እንግሊዝኛ «በጣም ጥሩ፤ ወደ በሩ እወርዳለሁ» አለቻት። ብዙም ሳትቆይ መልሳ ደወለች። በሩ ላይ ማንም የለም።

የዓለምወርቅ የቤቱን ስልክ አንሥታ ጋሽ አበጋዝን ጠራች። ከድምፃቸው በፊት የመኪና ጥሩምባ፣ የብረት መቁረጫ ጩኸትና የሞተር ብስክሌት መዓት ሰማች።

«ጋሼ፣ በትክክል የት ላይ ነው ያሉት?»

«እዚሁ ነኝ፣ መንገዱ ላይ። ወንበር የማይሸጥ ቤት የለም፤ ከአውቶቡስ ወርጄ ስሄድ ስሄድ ወንበር ብቻ ነው የማየው። የተባረከ አገር!»

«ቀይ አጥር ያለውን የእግረኛ ድልድይ አዩት?»

«ድልድይ የለም።»

«ከአውቶቡስ ሲወርዱ ከፊት ለፊት የሚታየው ነው። ከድልድዩ ማዶ ሰማያዊ መስታወት ያለው ሕንፃ አለ። ማዕዘኑ ላይ ወርቃማ አንበሳ በሩ ላይ ያቆመ መደብር ያገኛሉ። ከአንበሳው ወደ ግራ ነው።»

«አንበሳማ ሞልቷል፣ ልጄ። አንበሳ ያላቆመ መደብር አሳይኝ። ሁሉም ወርቅ ተቀብተዋል። አንዱማ ቀይ ሪባን አስረውለታል፤ የዓመት በዓል ልብሱ መሆን አለበት።»

ታደገ ከሶፋው ላይ ሳቀ። የዓለምወርቅ ግን አልሳቀችም። መንገዱን በጥንቃቄ ጽፋ የላከችላቸው እርሷ ናት፤ ድልድዩን፣ ሕንፃውን፣ አንበሳውን፣ ጎማ የሚጠግነውን ሰውዬ፣ አረንጓዴውን የብረት በር። ባለፈው ዓመት በመኪና መስኮት ያየችውን ሁሉ በቅደም ተከተል አስፍራዋለች፤ ልጅ ሳለች ነቀምት ውስጥ ለእንግዳ ቤት የሚጠቆመው በዚህ መልክ ነበርና ሌላ ዘዴ በሐሳቧ አልመጣም። አድራሻውን ከግርጌው ጨምራ ነበር፤ ግን በላቲን ፊደል።

«ታክሲ ይያዙና ወረቀቱን ያሳዩት» አለች።

«አሳየሁት። ገልብጦ አየው፣ ዘቅዝቆ አየው፣ መለሰልኝ። ሌላውም እንደዚያው። ፊደሉን አያውቁትም እኮ፣ እኔስ የእነርሱን አውቃለሁ? ግድ የለም፣ አሁን አገኘዋለሁ። የፋብሪካዋን ልጅ ደርሻለሁ ብሏል በያት።»

«ጋሼ፣ እባክዎን ባሉበት ይቁሙ።»

«መቆምማ ጊዜ ማባከን ነው!»

ስልኩ ተዘጋ፤ የዓለምወርቅ መልሳ ደወለች። አሁን ጫጫታው ሌላ ነበር፤ ውኃ የሚረጭና ድንጋይ የሚፈጭ ማሽን ይመስላል። ጋሽ አበጋዝ አንድ ባለ ሞተር ጃንጥላ ባሰረበት ብስክሌቱ ኋላ ጭኗቸው፣ እጃቸውን ወደ ግራ ዘርግተው «ሂድ» ብለውት፣ በሰፊው አውራ ጎዳና ሥር አሳልፎ አንድ የሴራሚክ ፋብሪካ ፊት ለፊት አውርዷቸዋል። ሴራሚክ መሆኑን ሲነግሯት ድምፃቸው ላይ ደስታ ነበረበት። «እንዲያውም ዋጋ ልጠይቅ» አሉ። የዓለምወርቅ ግንባሯን ቀዝቃዛው መስታወት ላይ አሳረፈች። ለታናሽ ወንድሟ ቢሆን የምትለውን ታውቀዋለች፤ ጋሽ አበጋዝን ግን በዚያ ቋንቋ ማነጋገር አይቻልም። ስለዚህ «እሺ ጋሼ፤ እባክዎን ወደ ነበሩበት ይመለሱ» አለች። በዚህ መካከል ያለፈውን ጊዜ ሁሉ እርሳቸው ከአንበሳ ወደ አንበሳ ሲዞሩ፣ እርሷ ደግሞ በወጥ ቤቷ ውስጥ ከመስኮት ወደ ጠረጴዛ ስትመላለስ ቆየች። ደጅ ጎሕ ሲቀድ አየች። እዚያ ደግሞ ፀሐይዋ እያዘቀዘቀች መሆን አለባት።

ተንቀሳቃሽ ስልኳ ጮኸ። ሚስ ሊን ናት። ከኋላዋ የሻንጣ መንኮራኩር ድምፅና የሰዎች ጥሪ ይሰማል።

«እመቤት፣ እንግዳዎ የት ናቸው? ሠራተኞቹ አውቶቡስ እየጠበቁ ነው።»

የዓለምወርቅ አፏን ከፈተች። የቤተሰቧን ገበና በባዕድ ፊት መግለጥ፣ አንድ የተከበረ ሰው እንደ ሕፃን ጠፍቷል ብሎ መናገር፣ ከአንደበቷ አልወጣ አለ።

«በሩ ላይ ናቸው» አለች።



«በሩ ላይ ያለሁት እኔ ነኝ» አለች ሚስ ሊን፣ ያለ ምንም ቁጣ። «በሩ ላይ ማንም የለም።»

ታደገ ከሶፋው ቀና ብሎ ተመለከታት። የዓለምወርቅ ፊቷ ሲግል ተሰማት። አንዲት ቃል ከመናገሯ በፊት ሦስቴ ታሰላስላለች ተብሎ የሚነገርላት እርሷ፣ ያን የባሏን ወንድም «ደርሻለሁ» በገዛ አፏ ደገመችው።

«ይቅርታ አድርጊልኝ» አለች። «ጠፍተዋል። የት እንዳሉም አላውቅም። እኔ የነገርኳቸው ድልድይም የለም።»

«የእግረኛው ድልድይ? እርሱ እኮ መንገዱ ሲሰፋ ፈረሰ!» ሚስ ሊን ወዲያው ነቃ አለች። «አጠገባቸው ካለ ሰው ጋር ልነጋገር። ማንም ይሁን።»

የዓለምወርቅ በቤቱ ስልክ ጋሽ አበጋዝን ጠራች።

«ጋሼ፣ አጠገብዎ ሰው አለ?»

«ሾርባ የምትሸጥ ሴት አለች። ምነው?»

«ስልኩን ለእርሷ ይስጧት።»

«ምን ብዬ? የማላውቃትን ሴት፣ ሥራ ላይ ያለች ሰው! ነውር ነው። ይልቅ ደርሻለሁ ማለት ይቻላል፤ አሁን ይቺን መታጠፊያ ...»

«ጋሼ» አለች የዓለምወርቅ። ድምፅዋ አልጨመረም፤ እንዲያውም ዝቅ አለ። «አልደረሱም።»

ታደገ እጁን አፉ ላይ ጫነ። በቤተሰቡ ውስጥ ይህን ለጋሽ አበጋዝ የነገራቸው ሰው የለም፤ አባታቸውም ቢሆኑ በሕይወት ሳሉ «ይመጣል» እያሉ ይጠብቋቸው ነበር እንጂ። በስልኩ ውስጥ ሾርባው ሲንተከተክ የምትሰማው መሰላት።

«አልደረስኩም» አሉ ጋሽ አበጋዝ። «እግሬንም አሞኛል፣ የዓለም።» ከዚያም ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ ተሰማ።

የዓለምወርቅ አንዱን ስልክ ቀና፣ ሌላውን ዘቅዘቅ አድርጋ አፍና ጆሯቸውን ገጠመቻቸው፤ እንዳይንሸራተቱም በሁለት እጇ አጥብቃ ያዘቻቸው። ሁለት ቻይናውያን ሴቶች ቬስትሊ ወጥ ቤት ውስጥ መነጋገር ጀመሩ። ጮኹ፣ ተከራከሩ፣ በመካከል ሳቁ። ምን እንደሚሉ አንዲት ቃል አልገባትም፤ ለእነርሱ ድልድይ ከመሆን በቀር ሥራ አልነበራትም።

«ስለ ጋሼ ነው የሚስቁት» አለ ታደገ በሹክሹክታ።

«ይሳቁ።»

ባለ ሾርባዋ የባሏን ሞተር ብስክሌት አስነሣችላቸው። ውጭው ሙሉ በሙሉ ሲነጋ ጋሽ አበጋዝ ከፋብሪካው ቢሮ ደወሉ፤ ድምፃቸው ተመልሶ ሞልቷል።

«ደረስኩ! አሁን እውነቴን ነው፤ ልጅቷም እዚህ አጠገቤ ናት፤ ሻይ ሰጥተውኛል። ኧረ ግሩም ወንበር ነው! ሁሉም ነገር ደኅና ነው፤ ይጫን በያቸው።»

«መንጠቆውን አዩት?»

«ካርቶን ውስጥ ገብቷል እኮ። ታሽጓል።»

«አንድ ካርቶን ያስከፍቱልኝ።»

«የዓለም፣ ሰዎቹ ሻንጣቸውን ይዘው ቆመዋል። አውቶቡሳቸው መጥቷል። ሻያቸውን ጠጥቼ አላምናችሁም ልበላቸው?»

«ያስከፍቱልኝ፣ ጋሼ። ሁለት ወንበር ጎን ለጎን አያይዘው አንዱን ብቻ ያንሡት። ሌላው አብሮ ከተነሣ ይጫን።»

 የፕላስተር መቀደድ፣ የካርቶን መንኮሻኮሽ፣ የብረት እግር ወለሉን ሲነካ ሰማች። ታደገ ተነሥቶ አጠገቧ ቆሟል። የሚጠብቁት የሁለተኛውን ወንበር ድምፅ ነበር።

«የዓለም።»

«አቤት ጋሼ።»

«አልተነሣም።» ጋሽ አበጋዝ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ቀዳዳው አለ፤ መንጠቆው የለም። ሌላም አስከፈትኩ፤ እርሱም የለውም።»

ሚስ ሊን ስልኩን ተቀበለች። መንጠቆውን የሚሠራው ሌላ አነስተኛ ወርክሾፕ ከበዓሉ ቀድሞ መዘጋቱን፣ ሥራ ስለቀዘቀዘም መቼ እንደሚከፈት እንደማይታወቅ፣ ይህን በደብዳቤ መጻፉ ደንበኛ ያሳዝናል ብላ ማሰቧን ተናገረች። የዓለምወርቅ አላቋረጠቻትም። ስትጨርስ ወንበሮቹ እንዳይጫኑ አሳሰበችና ስልኩን ለጋሽ አበጋዝ እንድትመልስላቸው ጠየቀቻት።

«አመሰግናለሁ፣ ጋሼ።»

«ለምኑ? ምን ይዤልሽ መጣሁ?»

«ያዩትን ስለነገሩኝ።»

ስልኩን አስቀመጠች። ኦከርን ያለው አዳራሽ በሐሳቧ መጣ፤ አዲስ ቀለም፣ አዲስ ወለል፣ በመካከሉም ባዶ። እሑድ ከስብሰባው በኋላ በዚያ ወለል ላይ ቆማ ምን እንደምትል ማሰብ ገና ሳትጀምር ተንቀሳቃሽ ስልኳ ጮኸ። ወንድም ፊሊሞን ነው።

«እኅት የዓለምወርቅ፣ እንደምን አደርሽ? ለሽማግሌዎች የምነግራቸው እንዲኖረኝ ብዬ ነው። ወንበሮቹ ተጫኑልን?»

ታደገ በእጁ በአየር ላይ መንገድ እየሠራ፣ ድምፁን ውጦ በከንፈሩ ብቻ «መንገድ ላይ ናቸው በዪው» አላት። ደግነቱ ነበር፤ እስከ እሑድ እንኳ እንድታርፍ።

የዓለምወርቅ ጀርባዋን ሰጠችው።

«አልተጫኑም» አለች።

«ዘገዩ? ለፋሲካ ግን ...»

«ለፋሲካ አይደርሱም፣ ወንድም ፊሊሞን።»