ለባለሱቁ ሚስት ዋስ

እሑድ ከሰዓት በኋላ የባለሱቁ ሚስት ከሴቶቹ ማኅበር ያለ ወለድ ብድር ጠየቀች፣ ዋስ የሚሆናት ግን አልተገኘም። ሆ ብለው ሳቁ እንጂ። ወተት ሻጯም ስቃለች፣ ለምን አትስቅ፣ ባልየውን ታውቀው የለ፣ በወለድ ላይ ወለድ ቆልሎ ጊደሯን ከበረት ነድቶ የወሰደ ሰው፣ ዛሬ ሚስቱ እዚህ የትምህርት ቤት ክፍል ውስጥ፣ የልጆች ወንበር ላይ እጥፍ ብላ ተቀምጣ፣ ሰሌዳው ላይ የዓርብ ማባዛት ሳይጠፋ ቀርቷል፣ ኧረ ይቺ ሴትዮ ምን ጎደላት፣ አለች አዋላጇ ከኋላ፣ የገንዘብ ሳጥን ላይ እየተኛች ከእኛ ትራስ ትለምናለች እንዴ፣ እንደገና ሳቅ፣ አዋላጇ ስትቀልድ ማን ይችላታል።

ሊቀመንበሯ ጠረጴዛውን መታ መታ አደረገች። እሺ እሜቴ፣ ገንዘቡ ለምንድን ነው?

ለምን።

ወተት ሻጯ መሳቋን አቆመች። ይቺን ቃል ታውቃታለች፣ ባንኮኒው ጋ፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ ባለሱቁ እስክሪብቶውን ጆሮው ላይ ሰክቶ፣ ለምንድን ነው የኔ እህት፣ ጮክ በይ እንጂ አይሰማኝም፣ ለመድኃኒት ነው ጌታዬ፣ የማን መድኃኒት፣ የልጄ፣ ምኗን አመማት፣ ጨው ሊገዛ የመጣው ሁሉ ጆሮውን ቀስሮ፣ የልጅቷን ተቅማጥ ሰፈሩ ሰምቶ ሳይጨርስ ገንዘቡ ከሳጥን አይወጣም። ከወለዱ ይልቅ ያንገበገበቻት ይቺ ናት። ማኅበሩ ሲቋቋም የተስማሙት ምን ነበር፣ ወለድ የለም፣ ለምን ብሎ መጠየቅም የለም፣ የሚጠየቀው መቼ ትመልሻለሽ ብቻ፣ ይህን ያለችው ራሷ ሊቀመንበሯ፣ ረሳችው እንዴ፣ ምን ትረሳለች፣ ደንቡ ለእኛ እንጂ ለዚህች አይሠራም ብላ ነው።

የባለሱቁ ሚስት መሬት መሬት ታያለች። ወተት ሻጯ አትወዳትም፣ እህል ስትሰፍርላት እንኳ ቀና ብላ አይታት የማታውቅ ሴት፣ አሁንም አታያትም፣ ትኩራ፣ የኮራ አይበደርም የሚል ደንብ የለንም። የሚቀጥለው የብድር ተራ የወተት ሻጯ ነው፣ ሁለተኛ ላም ልትገዛበት፣ ዋስ ከሆነች ግን ይቺ ከፍላ እስክትጨርስ ተራዋ ይቆማል፣ ካልከፈለችማ ከወተቱ ላይ ነው የሚቆረጠው፣ ተቀመጪ አንቺ ሴት፣ ላምሽን አስቢ፣ ምን አገባሽ፣ ራሷን ተቀመጪ ትላለች እግሯ ግን ቆሟል።

እኔ ዋስ ነኝ።

ምን አልሽ?

ዋስ ነኝ አልኩ። መቼ ትመልሻለሽ በሏት፣ ሌላው አያገባንም።

እታለም፣ ጊደርሽን ረሳሻት እንዴ፣ አለች አዋላጇ፣ አሁን አትቀልድም።

አልረሳኋትም፣ ስላልረሳኋት ነው፣ እዚህም ባንኮኒ ልታቆሙ ከሆነ ቁርጡን ንገሩኝና ወደ ላሜ ልሂድ።

አንዷ ሳለች። ሊቀመንበሯ ፊቷ ቀላ፣ ወደ ሴትየዋ ዞረች፣ መቼ ትመልሻለሽ አለቻት፣ የባለሱቁ ሚስት ቀኑን ተናገረች፣ ተጻፈ፣ ገንዘቡን ተቀብላ ወጣች፣ አመሰግናለሁ እንኳ አላለችም፣ አትበል፣ ማን ምስጋና ጠየቃት።

ማክሰኞ አዋላጇ በረቱ ድረስ መጣች፣ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ እያለ። ይኸውልሽ፣ ገንዘባችን በዚያው ማታ ባሏ ሳጥን ውስጥ ገብቷል፣ በዓይኗ ያየች ነግራኛለች፣ ተራሽን ለማን እንደሰጠሽው አየሽ? ወተት ሻጯ እያለበች ነው፣ እጇ አላቆመም፣ ባለሱቁ ሳጥኑን ሲቆልፍ ግን ይታያታል፣ እየሳቀ፣ የማኅበሩን ገንዘብ፣ የእሷን ላም፣ ሂጂ አሁኑኑ አንገቷን ያዢያት፣ ለምን ወሰድሽ በያት፣ ለምን፣ አይ፣ ይቺ ቃል ከእኔ አፍ አትወጣም፣ ብሞት አትወጣም።

ከገባ ይግባ፣ አለቻት፣ ቀኑ ሲደርስ ትከፍላለች፣ ካልከፈለች እኔ አለሁ፣ ዞር በይ ላሟን አታስደንግጪብኝ።

የባለሱቁን ሚስት አልጠየቀቻትም።

ሐሙስ ጠዋት የባለሱቁ ሚስት እናት የገዛ ማሳቸውን ሲቆፍሩ ታዩ፣ ልጃቸው ጫማዋን አውልቃ አጠገባቸው ትቆፍራለች። ማሳውን ከሠርጉ ዓመት ጀምሮ በዕዳ መያዣ ይዞባቸው የነበረው አማቻቸው ባለሱቁ ነበር። ዕዳው እሑድ ማታ ተከፍሎ አልቋል፣ ለባለሱቁ የከፈለችው የራሱ ሚስት ናት።