የመዠንገር ወንበር

ኦሉም ሲያወራ ባሮ ወንዝ እንኳ ቆሞ ይሰማዋል ይባል ነበር። የሚለው ራሱ ኦሉም ነው እንግዲህ። አንድ ጊዜ የያዘው ዓሣ ከክብደቱ የተነሳ ጀልባዋ ወደ ዳር አልመጣ ብትለው ዳሩን ወደ ጀልባዋ ጎትቶታል። ያየ ሰው ነበረ፤ ምስክሩ ግን ሞቷል።

ጎረቤቱ ወንዳፍራሽ በዚህ አይስቅም፤ አይቆጣምም። ከከምባታ በሰፈራ የመጣ ሰው ነው። ሚስቱን እዚያው አቦቦ ሰፈራው ላይ ወባ ወሰደችበት። ትንሽ ቆይቶ ጣሪያ ሲከድን ወደቀና ወገቡ ተሰበረ፤ እግሩ ከዚያ ወዲህ አይሰማም። ሐዘኑም ደስታውም ቀስ እያለ እንደ እግሩ ሆነ። ቢቆነጥጡት የሌላ ሰው ሥጋ ነው። ሰፈራው ሲበተን ጋምቤላ ከተማ ዳር ከኦሉም ጎጆ ጎን ተጠጋ፤ የዓሣ መረብ እየጠገነ ይበላል። ኦሉም ጠዋት አዝሎ ያወጣዋል፣ ማታ አዝሎ ያስገባዋል። ቀን ዝናብ ከመጣ እዚያው ይመታል።

አሁን ግን ኢታንግ ያለው የኦሉም ታላቅ ወንድም ታሞ ተኛ። ማሳው ባዶውን ነው፤ ኦሉም ሊሄድ ነው። ሲሄድ ወንዳፍራሽን ከጎጆው የሚያወጣው ሰው የለም።

በዚያው ሰሞን ነው እንግዲህ በመኪና ላይ ድምፅ ማጉያ ተጭኖ ከተማውን የዞረው። ለአካል ጉዳተኞችና ለቤተሰቦቻቸው መረጃ የሚሰጥበት ቀን ተብሎ ተለፈፈ፤ ባለ ጎማ ወንበርም አለ ተባለ። ክልሉ ገና አዲስ ነበር፤ የቢሮዎቹ በር ቀለም እጅ ይይዛል። ኦሉም ስድስተኛ ክፍል ደርሶ ስለተመለሰ የአኙዋው አስተርጓሚ ሆኖ ተመረጠ። ወንዳፍራሽን በእጅ ጋሪ ጭኖ ወንዙ ዳር ማንጎው ሥር አደረሰው።

ማንጎው ሥር አምስት ወንበሮች ከነላስቲካቸው ተደርድረዋል። ፊት ለፊታቸው አምስት ምልክቶች እንጨት ላይ ቆመዋል፦ አኙዋ፣ ኑዌር፣ መዠንገር፣ ኦፖ፣ ኮሞ። ማየት የተሳነውም፣ እግር የሌለውም፣ ሁሉም በየምልክቱ ሥር ነው የተቀመጠው። ለየብሔረሰቡ አንድ አንድ ወንበር፤ ማንም እንዳያኮርፍ። ደገኛ፣ እንደ ወንዳፍራሽ ከሌላ ክልል የመጣው ሁሉ፣ ምልክት የለውም። ደገኛ የራሱ ክልል አለው፣ እዚያ ይጠይቅ ነው ነገሩ።

ኦሉም ይህን ሰምቶ ወደ ጋሪው ተመለሰ።

«ጋሽ ወንዴ፣ መዠንገሮቹ አልመጡም። የአገራቸውን የመቲን መንገድ ዝናብ በልቶታል። ምልክቱ ብቻውን ቆሟል፣ ያሳዝናል።»

«እና?»

«ለዛሬ መዠንገር ሁን።»

«ቋንቋውን ከየት አምጥቼ?»

«እዚህ ማን ያውቀዋል? አንተ ከምባትኛህን አውራ፣ እኔ እተረጉማለሁ።»

«መልኬስ?»

ኦሉም አገላብጦ አየው። «ትንሽ ቀላ ብለሃል። ጫካ ውስጥ ፀሐይ አይደርስም እላቸዋለሁ።»

«ውሸት ነው።»

«ውሸት አይደለም፣ ውሰት ነው። እነሱ ሲመጡ እንመልስላቸዋለን።»

ወንዳፍራሽ እንዳያፍር ፈራ፤ ቆየና ግን እፍረቱም አልመጣም። «ግፋ» አለው።

የቢሮው ሰው አዶኒያስ ይባላል፤ ወጣት ነው፣ ሸሚዙ ላብ ጠጥቶ ጀርባው ላይ ተለጥፏል። «አካል ጉዳት እርግማን አይደለም! ልጆቻችሁን ከጓዳ አውጧቸው፣ ትምህርት ቤት ላኳቸው!» አለ። ኦሉም ወደ አኙዋኛ ሲመልሰው ልጁን የደበቀ ሰው ጢሙ ወደ ውስጥ ይበቅላል የምትል ጨመረባት። የኑዌሩ አስተርጓሚ ዱዋል ደግሞ ከኦሉም ተቀብሎ ነው የሚተረጉም፤ ስለዚህ ጢሙ ኑዌሮቹም ዘንድ ደረሰ። ሽማግሌዎቹ አገጫቸውን ዳሰሱ።

ከዚያ ከየምልክቱ አንድ አንድ ሰው ይናገር ተባለ። መዠንገር ጋ ሲደርስ ወንዳፍራሽ አፉን ከፈተ።

ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ከምባትኛ ተናግሮ አያውቅም፤ የሚሰማው ስላልነበረ። ቃላቱ መኖራቸውን ራሱ ተጠራጥሮ ነበር። ወጡለት።

«ሚስቴ አቦቦ ሞተች» አለ በቋንቋው። «እኔ ነኝ የቀበርኳት። ከወደቅሁ ወዲህ መቃብሯን አላየሁትም፤ ሣር ውጦት ይሆናል። አላለቀስኩም። ዛሬም አይመጣልኝም። ሌላ የምለው የለኝም።»

ኦሉም ጉሮሮውን ጠረገ። «ማር ቆራጭ ነኝ ይላል። ዛፉ ከመርዘሙ የተነሳ ስንቅ ይዤ ነው የወጣሁት። ጫፉ ላይ ርግብ የሚያካክሉ ንቦች በክንዴና በእግሬ አንጠልጥለው ይዘውኝ በረሩ። ከጫካው በላይ ስንደርስ ግማሾቹ ወደ መቲ፣ ግማሾቹ ወደ ቴፒ እንሂድ ብለው ተጣሉ። በዚህ መሃል ለቀቁኝ።»

ማንጎው ሥር ሳቅ ሆነ። አዶኒያስ ጠጋ ብሎ፣ «እውነት እንደዚህ ነው ያሉት?» አለ።

«እኔ አሳጥሬው ነው እንጂ» አለ ኦሉም።

የመዠንገር ወንበር ላስቲኩ ተቀደደ። ወንዳፍራሽን አንስተው አስቀመጡት። መዳፉን ጎማው ላይ አድርጎ ገፋ፤ ሄደ። ወደ ግራ ሲፈልግ ወደ ግራ ሄደ። ማንንም ሳይለምን እስከ ውሃው ድረስ ወርዶ ቆመ፤ ሴቶች ልብስ ያጥባሉ። ደስ ይለኝ ይሆናል ብሎ ትንሽ ጠበቀ። ከዚያ አዙሮ ተመለሰ። ግን መዳፉን ከጎማው ላይ አላነሳም።

ሲመለስ እስከ ጣሪያዋ ጭቃ የለበሰች መኪና ማንጎው ሥር ቆማለች። ከመቲ ነው የመጣችው። አንዲት ወጣት አንድ እግሯን እየጎተተች በቡና እንጨት ተደግፋ ወረደች። ሊና ትባላለች፤ መዠንገር ናት።

አዶኒያስ ፊቱ በራ። «እንኳን ደህና መጣሽ! ያንቺም ወገን እዚህ አለ።»

ሊና ወንዳፍራሽን በቋንቋዋ ሰላም አለችው። እሱ በከምባትኛ «አልገባኝም» አላት። ሊና ከእግር እስከ ራሱ አየችው።

«ደህና ነኝ ነው ያላት» አለ ኦሉም ፈጠን ብሎ።

«አንተ መዠንገርኛ ትችላለህ?» አለችው በአማርኛ።

«የጠዋት ጠዋቱን እችላለሁ፣ የከሰዓቱ ትንሽ ይከብደኛል።»

ሊና ሳቀች፤ ወደ አዶኒያስ ዞረች። «እኔ ለወንበር አልመጣሁም። ክራንች የት እንደሚሠራ ይነገራል ብለው ነው የጠሩኝ። የእኛ ሰፈር የዛፍ ሥር ነው፣ ዳገት ነው፣ ጭቃ ነው። ጎማ ምን ያደርግልኛል? እሱ ይቀመጥበት።»

አዶኒያስ ተነፈሰ። ወዲያው ግን ግንባሩ ተጨማደደ። «እሺ። ግን ወንበሩ የመዠንገር ድርሻ ነው፣ መቲ መግባት አለበት። ከተማ ከቀረ አኙዋና ኑዌር ድርብ ወሰዱ ተብሎ ነገ እኔ እጠየቃለሁ። አባባም አገራቸው ነው፤ በዚሁ መኪና አብረው ይመለሱ።»

ኦሉም ወንበሩን ከኋላ ያዘ፤ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ጋሽ ወንዴ፣ ጨዋታው እዚህ ይብቃው። እውነቱን እነግራቸዋለሁ።»

«ንገራቸውና?»

«ወንበሩን ይወስዱታል። ጋሪው አለ።»

«ጋሪውን ማን ይገፋል?»

ኦሉም እጁን ከወንበሩ አነሳ። «ወንድሜ ነው እኮ...»

«አውቃለሁ። ሂድ ነው የምልህ።» ወንዳፍራሽ ወደ ሊና ቀና አለ፤ በአማርኛ ነው ያናገራት። «መቲ ሜዳ አለ?»

«ከተማው ውስጥ አለ፣ አባባ። ከገበያው እስከ ቡና መጋዘኑ ለጥ ያለ ነው። እጅህ ምን ይሠራል?»

«መረብ እጠግናለሁ።»

«እኛ ጋ የሚጠገነው ጆንያ ነው።»

«እሱንም እሞክራለሁ።»

አዶኒያስ ጥላው ሥር ስለ ክራንች ለሊና ነገራት፤ በማስታወቂያው የተጠራችበትን አግኝታ ወደ መኪናዋ ተመለሰች። ወንዳፍራሽን ከነወንበሩ አንስተው ከኋላ ጫኑት። ጎማዎቹን በገመድ ከመኪናው ብረት ጋር አሰሩለት። ሰው ሁሉ ወገኑ ዘንድ የሚመለስ መስሎት እጁን ያውለበልብለታል።

ኦሉም የመኪናውን ጠርዝ ይዞ ቆመ። «የሆነ ነገር በለኝ እንጂ» አለው። እንባው ወረደ። ወንዳፍራሽ እንባው የእውነት ይሁን የኦሉም ዓይነት ለመለየት አልሞከረም። በኦሉም ጀርባ የወጣበትንና የገባበትን ጊዜ ሁሉ አሰበ፤ አንድ ነገር ይነካኝ ይሆናል ብሎ ውስጡን ፈተሸ። አልነካውም። የሚያውቀው መሄድ እንዳለበት ብቻ ነው።

«ቤት የቀረውን የዱዋልን መረብ መልስለት» አለው። «አንዱ ጥግ ይቀረዋል።»

ሾፌሩ ሞተሩን አስነሳ። ወንበሩ ወደ ኋላ ነቅነቅ አለ። ወንዳፍራሽ ጎንበስ ብሎ የገመዱን ቋጠሮ በጣቱ ዳሰሰ።

«ይህቺኛዋ ላልታለች» አለ። «ጠበቅ አድርጉልኝ።»