የልጇን ነገር በእንግዳ ፊት

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ከሆስፒታሉ የእርዳታ ክፍል የተላኩት ሰዎች ሲመጡ ቤት ውስጥ የነበሩት ሦስት ሴቶች ናቸው፦ የልብ ሕመምተኛዋ እናት፣ የልጃቸው ሚስትና ጎረቤታቸው ሰበር ዜና። ሰበር ዜና ሰፈሩ ያወጣላት ስም ነው፤ ወሬ ከእሷ ቀድሞ የገባበት ቤት አልነበረም። የመጡትም ሁለት ነበሩ፤ አንዲት ወጣት ነርስና ከሒሳብ ሥራ ጡረታ ወጥተው በነፃ የሚያገለግሉ ሽማግሌ።

ሰዎቹን ያመጣቸው የመድኃኒት ዋጋ ነው። ምራትየዋ ላውንደሪ ውስጥ ልብስ ትተኩሳለች፤ ቀኑን ሙሉ በእንፋሎት መሀል ቆማ የሰው ሸሚዝ ስታቃና ትውላለች። መጀመሪያ የእናትየውን መድኃኒት የወር የወሩን ትገዛ ነበር። ዋጋው ሲጨምር የሳምንት አደረገችው፤ እንደገና ሲጨምር ፋርማሲስቱን ፍሬ በፍሬ ቁረጥልኝ ማለት ጀመረች። እናትየው ይህን አዩና ምንም ሳይናገሩ አንድ ቀን እየዘለሉ መዋጥ ያዙ። የታወቀባቸው እግራቸው ሲያብጥ ነው። ሐኪሙ መጀመሪያ ተቆጣ፣ ቀጥሎ አዘነ፣ በመጨረሻም ጧሪ ለሌላቸው ሕመምተኞች መድኃኒት በነፃ የሚሰጥ ክፍል እዚያው ግቢ ውስጥ እንዳለ ለምራትየዋ ነገራት። ሄዳ አስመዘገበች። የቀረው ሰዎቹ ቤት ድረስ መጥተው ኑሯቸውን በዓይናቸው ማየት ብቻ ነበር።

ስሕተቱም የመጣው እዚህ ላይ ነው። ምራትየዋ "ሐሙስ ሰዎች መጥተው ቤታችንን ያያሉ" ስትል እናትየው የሰሙት እንግዳ መምጣቱን ብቻ ነው። ሐሙስ ዕለት ከአለቃዋ ፈቃድ ለምና ስትገባ ቤቱ ሌላ ቤት ሆኖ ጠበቃት። ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ቀይ ምንጣፍ ተነጥፏል። የላስቲክ በርጩማዎቹ ጠፍተው በቦታቸው ክንዳቸው የሚያብለጨልጭ ሦስት ሶፋዎች ተቀምጠዋል። ጠረጴዛው ላይ አፋቸው ወርቅ የተቀባ ብርጭቆዎችና አንድ ሳህን ብስኩት አለ።

ምራትየዋ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ይህ ሁሉ ከየት መጣ አለች።

"ከእኔ ቤት ነዋ" አለች ሰበር ዜና። "እናትሽ ናቸው ያዘዙኝ፤ ባዶ ቤት እንግዳ አይቀበልም አሉ። ቴሌቪዥኑንም ላመጣላችሁ ነበር፣ ባሌ ኳስ እያየ ስለሆነ ነው የቀረው።"

መልሺው የሚባልበት ጊዜ አልነበረም። በሩ ተንኳኳ።

እናትየው እንግዶቹን ቆመው ተቀበሉ፤ ያበጠው እግራቸው ጫማ አልገባም ስላለ ቀሚሳቸውን ዝቅ አድርገው ሸፍነውታል። ነርሷ አጠገባቸው ተቀምጣ ኑሮ እንዴት ነው አለቻቸው።

"ተመስገን" አሉ እናትየው። "ምን ጎድሎብን።"

ሽማግሌው ምንጣፉን አዩ፤ ብርጭቆዎቹንም አዩ። ከዚያ ልጅ እንዳላቸው ጠየቁ።

"አለኝ እንጂ። ብየዳ ነው ሥራው፤ እጁ ወርቅ ነው።"

ልጅየው ብየዳ መሥራቱ እውነት ነበር። ሩቅ አገር ለሚሠራ የብረት ድልድይ ሠራተኛ ሲቀጠር ከጓደኞቹ ጋር ሄደ። መጀመሪያ በየእሑዱ ይደውል ነበር። ቀጥሎ በየወሩ ሆነ፤ ከዚያ ስልኩ ጭራሽ ጥሪ አልቀበል አለ። ጓደኞቹ ሥራ ሊቀይር ተለይቶን ሄደ ከማለት በቀር የሚያውቁት የለም። አልሞተ እንዳይለቀስ፣ አልመጣ እንዳይሳቅ፣ እንዲሁ በመሀል ቀረ። ሚስቱ ስለ እሱ ከማንም ጋር አታወራም። ግን ላውንደሪ ውስጥ የእሱን ልክ የሆነ ሸሚዝ እጇ ሲገባ ካውያው ይዘገያል፤ አንገትጌውን ሁለት ጊዜ ትተኩሰዋለች።

"ይረዳዎታል?" አሉ ሽማግሌው።

"እንዴት አይረዳኝ? ባለፈው እሑድ እንኳ ደውሎልኛል። ድምፁ ጎርነን ብሏል፤ ጉንፋን ይዞኝ ነው አለ። አጠገቡ መኪና ይጮሃል። እማዬ መድኃኒትሽን እንዳታቋርጪ አለኝ።"

ምራትየዋ ለመናገር አፏን ከፈተች። የቤቱ ስልክ አንድ ነው፣ እሱም ከእሷ የሽርጥ ኪስ አይወጣም። ነገሩ ሐሰት መሆኑን ከእሷ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። እያንዳንዱ ቃልም መድኃኒቱን አንድ እርምጃ እያራቀው ነበር።

"ስለ እሷም ጠየቀኝ" አሉ እናትየው።

ምራትየዋ አፏን ዘጋች።

ነርሷ ፈገግ ብላ ምን ብሎ እንደጠየቀ ጠየቀቻቸው።

"እጇስ እንዴት ሆነ አለኝ። ያኔ ካውያ ክንዷን አቃጥሏት ነበር። ማታ ማታ ከሥራ ሲገባ ሳይታጠብ፣ ሳይበላ፣ መጀመሪያ እሷን ቅባት ይቀባት ነበር። እፍ እያለ። እኔ የተኛሁ ይመስላቸዋል።"

ይህኛው እውነት ነበር። ምራትየዋ እናትየው ይህን ያውቃሉ ብላ አስባ አታውቅም። ክንዷ ላይ ያ እፍታ መጥቶ ያረፈ መሰላት። ተናገሪ፣ አሁን ተናገሪ እያለች ራሷን ትገፋለች፤ ጆሮዋ ግን አንዲት ቃል ትለፍና ልስማ፣ አንዲት ብቻ፣ ይላል። አለፈች። ሌላም አለፈች። እናትየው ልጃቸው በሚቀጥለው ክረምት እንደሚመጣ፣ ሚስቱን ከእንፋሎት ሥራ እንደሚያወጣት አወሩ፤ ሰበር ዜና እንኳ እንደ አዲስ ወሬ አፏን ከፍታ ታዳምጥ ነበር።

ሽማግሌው ብዕራቸውን ኪሳቸው ከተቱ። ጧሪ ያለው ሰው ሲገኝ እርዳታው ለሌለው እንደሚያልፍ በትሕትና ገለጹና ልጁን ይባርክልዎት ብለው ተነሡ። ሲነሡ እናትየውም ሊሸኙ ተነሡ፤ ቀሚሱ ከፍ አለ፣ እንደ ሊጥ ያበጠው እግርም ታየ።

"አልደወለም" አለች ምራትየዋ።

ሁሉም ወደ እሷ ዞሩ። መሬት መሬቱን እያየች ከደወለ ክረምት በክረምት ላይ እንዳለፈ፣ የሚልከውም ነገር እንደሌለ፣ ወንበሩም ምንጣፉም የጎረቤት መሆኑን ነገረቻቸው።

"ብስኩቱ ግን ስጦታ ነው" አለች ሰበር ዜና።

እናትየው ምራታቸውን አዩአት።

"ታዲያ" አሉ ቀስ ብለው፣ "ልጄን እንግዳ ፊት ልማው?"

ሽማግሌው ተመልሰው ተቀመጡ። "የሰው ፊት እሳት መሆኑን እኔም አላጣሁትም እናቴ" አሉ። "ግን ከራስዎ አፍ ካልሰማሁ መጻፍ አልችልም። ልጅዎ ይጦርዎታል?"

እናትየው ቀሚሳቸውን እግራቸው ላይ አስተካከሉ። ከዚያም እጃቸውን ዘርግተው የምራታቸውን ክንድ ያዙ፣ የጠባሳውን ቦታ።

"አይጦረኝም" አሉ። "ቢችል ግን ይጦረኝ ነበር። እሱንም ይጻፉልኝ።"

ሽማግሌው ጻፉት።

እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ሰበር ዜና ባሏን ጠርታ ዕቃዋን አስወጣች። እናትየው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተኙ። ምራትየዋ በርጩማ ስባ ግርጌያቸው ተቀመጠችና እግራቸውን ታሽ ጀመር። ተቀይመውኝ ይሆን ብላ ፈራች፤ ለመጠየቅም አፈረች። መስኮቱ ላይ ያለው ብርሃን እየደበዘዘ ሄደ።

"እማማ" አለች በመጨረሻ። "እሑድ ዕለት… ሌላስ ምን አለ?"

እናትየው ወደ እሷ ዞሩ።

የሚበላው ምግብ እንዳልተስማማው ነገሯት። ድልድዩ ላይ ሲቆም ወንዙ ከሥሩ እንደሚጮህ፣ በሥራ መሀል የእሷ ስም ከአፉ እያመለጠው ጓደኞቹ እንደሚሳለቁበትም ነገሯት። ምራትየዋ አንዱንም አላስተባበለችም። ሲያበቁ ብቻ የትኛው ጓደኛው እንደሆነ ትጠይቃለች፤ እናትየውም ይመልሱላታል።

ሰኞ ዕለት ነርሷ ደውላ ጥያቄው መፈቀዱን ተናገረች። ማክሰኞ ጠዋት ምራትየዋ ከሥራ በፊት ወደ ሆስፒታሉ ፋርማሲ ሄዳ የወሩን መድኃኒት ያለ ክፍያ ተቀበለች።