ወንድም ጋሼ የቆረጠው መደብ

የካሳቫውን ቅጠል ወደ ብርሃን አንስታ አየችው። ከጀርባው በኩል ውሃ የጠጣ የሚመስል ነጥብ አለ። ጤዛ ይሆናል ብላ በአውራ ጣቷ ጠረገችው። አልሄደም።

የችግኝ ጣቢያው ባለሙያ ናት፤ ሥሩ የሚበላው ካሳቫ የሚባዛባቸውን ሦስት መንገዶች ስታወዳድር ነው የከረመችው። አንደኛው ገበሬው የለመደው፣ ረጅም ግንድ ቆርጦ መሬት ላይ መትከል ነው። ሁለተኛው ግንዱን ቡቃያ የሚያወጣ ዓይን ሁለት ሁለት እያስቀሩ ቆራርጦ በላስቲክ ዳስ ውስጥ ማብቀል ነው፤ ከአንድ እናት ብዙ ልጅ ይገኝበታል። ሦስተኛው በላቦራቶሪ ብልቃጥ የሚያድገው ነው፤ ንጹሕ ነው፣ ግን ጥቂትና ቅምጥል።

ነጥቡ የታየው በላስቲኩ ዳስ ነው። ታላቅ ወንድሟ ደግሞ የሚጠብቀው የዚህኑ ዳስ ችግኝ ነው። አምና ማሳውን አጠውልግ የሚባለው በሽታ ጨርሶበታል፤ ዘንድሮም ከከሸፈበት ቤተሰቡ የሚቀምሰው የለም። መሬቱን አርሷል፤ ዝናቡም ጀምሯል።

እናት ግንዶቹ ታመው ይሆን? ከእነሱው ተቆርጠው መሬት ላይ የተተከሉትን ረጃጅሞቹን ቅጠል በቅጠል አገላበጠች። ደህና ናቸው። ወደ ዳሱ ተመልሳ መደቦቹን አንድ በአንድ አየች። የታመመው በበሩ በኩል ያለው ብቻ ነው። እሱን ማን ነበር የቆረጠው?

ትዝ አላት። ወንድሟ ሊጠይቃት የመጣ ዕለት፣ «ዞር በይ እስቲ፣ ቢላ አያያዝሽ የእንግዳ ነው» ብሎ ከኪሱ የራሱን ቢላ አውጥቶ የዚያን መደብ ግንድ ቆራረጠ። ቢላ ከግንድ ወደ ግንድ ሲሸጋገር በሽታ እንዳያጋባ አልኮል ውስጥ መነከር አለበት። ሠራተኛ ቢሆን ትቆጣው ነበር። ታላቅ ወንድምን ቢላህ ቆሻሻ ነው ማለት ግን ከበዳት፤ እንዲቆርጥ ተወችው።

የጋሪ ድምፅ ሰማች።

«እሜቴ ሳይንስ፣ ልጆቼ ደረሱ?» አለ ወንድሟ ከበሩ።

«ወንድም ጋሼ፣ አትግባ።»

«ምነው፣ ጫማዬ ሸተተሽ?»

«ቢላህን አሳየኝ።»

አወጣው። ከስለቱ ሥር ጥቁር ሙጫ ደርቋል።

«ያን ጊዜ እኔ ጋ ከመምጣትህ በፊት በዚሁ ምን ስትቆርጥ ነበር?»

«የአምናውን ጉቶ ነዋ። ሌላ ምን ቢላ አለኝ?» ሳቁ እመንገድ ላይ ቀረ። በእጇ የያዘችውን ቅጠል አየ። አምና ዓይኑ እያየ ማሳውን የበላው ይኸው ነው።

«ሌሎቹ መደቦችስ? ደህና ናቸው አይደል?»

«ይመስላሉ። ግን በአንድ ዳስ አድገው አንድ ውሃ ተረጭተዋል። እርግጠኛ አይደለሁም።»

«እና ሁሉንም ልታቃጥዪው?»

«ሁሉንም።»

ጋሪውን ዞሮ አየው። «መሬቱስ?»

«ከብልቃጡ የወጣውን እሰጥሃለሁ፤ ካሳቫ ተተክሎበት የማያውቅ አንድ ጥግ ላይ ትተክለዋለህ። ቀሪው ላይ በሽታው የማይነካውን በቆሎ ዝራ። የኔም ጥፋት ነው፤ ያኔ መናገር ነበረብኝ።»

እጅጌውን ሰብስቦ ገባና የበሩን መደብ ከነአፈሩ ማንሳት ጀመረ። እሷ የእሱን ቢላ አልኮል ውስጥ ነከረችው፤ ከዚያ ወደ ረጃጅሞቹ ተመልሳ ያመለጣት ነጥብ እንዳለ ቅድም ያየቻቸውን ቅጠሎች እንደገና ትገለብጥ ጀመር።