በሚያዝያ የሚመጡ

፩

ሱቁ በር ላይ የተለጠፈው ወረቀት እንዲህ ይላል፦

በሚያዝያ የሚመጡ አዳዲስ አኒሜዎች (የጃፓን ካርቱን)

– አስማት የሚማር ምግብ አብሳይ (አዲስ)

– ሞቶ በሌላ ዓለም የሚነሣ የባንክ ጸሐፊ (አዲስ፤ ባለፈው ሲዝን የተነሣው ሾፌር ነበር)

– ኳስ ተጫዋቾቹ (ክፍል አራት፤ ያው ጨዋታ ገና አላለቀም)

– ሁለቱ ፋኖሶች (ክፍል ሦስት፣ የመጨረሻው)

የመጨረሻው መስመር ተሠርዟል። እንደገና ተጽፏል። እንደገና ተሠርዟል።

፪

የጻፈው ፍቅረማርያም ነው። አዳማ ውስጥ ፊልም በፍላሽ የሚሞላበት ጠባብ ሱቅ አለው፤ ዋና ሥራው ግን ትርጉም ነው። ከምስሉ ሥር የሚሮጠውን እንግሊዝኛ እያነበበ፣ በአንድ ጉሮሮ ሕፃኑንም ጠንቋይዋንም ፈረሱንም ሆኖ በአማርኛ ይናገራል። እንዲህ ሲል አሥራ አንድ ዓመት ሆነው። አንዱ ሲዝን ሳያልቅ ሌላው ይመጣል።

ደክሞታል። ከዚህ የተሻለ ቃል ፈልጌለት ነበር፤ አጣሁ።

፫

ከችፑድ ግድግዳው ማዶ እትዬ ዘርፌ አሉ፤ ክር፣ ቁልፍና ዚፕ ይሸጣሉ። ዓይናቸውን ሞራ ከጋረደው ወዲህ ፊልም አያዩም፤ ፍቅረማርያም ሲቀዳ በግድግዳው ይሰማሉ። ያመለጣቸው ነገር ካለ ችፑዱን በቡጢ ይመቱታል።

«ፍቅሬ! ያቺን ድገማት!»

ይደግማታል። በአዳማ ፍላሾች ውስጥ አንዳንድ ንግግር ሁለት ጊዜ ከሰማህ፣ አንባቢ ሆይ፣ ምክንያቱ ይኸው ነው።

ከሁሉ የሚወዱት «ሁለቱ ፋኖሶች»ን ነው። ጦርነት የለያያቸው እኅትማማቾች ናቸው፤ ታላቅየዋ ታናሽየዋን ፍለጋ አገር ላገር ትዞራለች። እትዬ ዘርፌም ደሴ የምትኖር አስካለ የምትባል ታናሽ እኅት አላቸው። «ይቺ ታናሽየዋ ቁርጥ አስካለን!» ይላሉ። «እልኸኛ ናት፤ እሷን ሞትም አይደፍራት።»

፬

ስሕተቱ የተሠራው በታኅሣሥ ነው።

የክፍል ሁለት መጨረሻ። ታናሽየዋ ቆስላ በረዶ ላይ ወድቃለች፤ ታላቅየዋ ትሮጣለች። ፋይሉ ሲወርድ መብራት ሄዶ ስለነበር የመጨረሻዋ ሦስት ደቂቃ የለችም። ምስሉ ቀጥ አለ። ማይኩ ክፍት ነው። ከግድግዳው ማዶ አንድም ኮሽታ አይሰማም።

ፍቅረማርያም እንዲህ አለ፦

«ተነፈሰች።»

ከማዶ እልልታ ቀለጠ። እልልታውም አብሮ ተቀዳ።

፭

በየካቲት የአዲሱ ክፍል ማስታወቂያ ወጣ። «ታሪኩ የሚጀምረው» ይላል፣ «በታናሽየዋ ሙት ዓመት ነው።»

ሞታለች። በዚያች ሦስት ደቂቃ ውስጥ ሞታለች።

የወረቀቱ የመጨረሻ መስመር መጀመሪያ የተሠረዘው ያን ቀን ነው።

፮

እንደተነገረ። መጋቢት፣ ሱቅ ውስጥ። ስንታየሁ የእትዬ ዘርፌ ልጅ ነው።

ስንታየሁ፦ ጋሽ ፍቅሬ፣ በሩን ልዝጋው?

ፍቅረማርያም፦ ዝጋው። ምነው?

ስንታየሁ፦ አክስቴ አስካለ አረፈች። ሦስት ሳምንቷ። እማዬ ያኔ ዓይኗን ገና መታከሟ ነበር፤ ሐኪሙ እንዳታለቅስ አለ። ደብቀናት ቀብረን መጣን።

ፍቅረማርያም፦ እግዜር ያጥናችሁ። እስካሁን አያውቁም?

ስንታየሁ፦ አታውቅም። አሁን ሐኪሙ ፈቅዷል፤ እሑድ ጠዋት መርዶ እንነግራታለን። ሽማግሌዎቹ አንተ ንገራት ብለዋል።

ፍቅረማርያም፦ እኔ? እኔ ምናቸው ነኝ?

ስንታየሁ፦ በአባዬ መርዶ ጊዜ «ውሸታችሁን ነው» ብላ ሳምንት ሙሉ እራት ስታቀርብለት ከረመች። ያንተን ድምፅ ግን ታምናለች። ሞተ ካልክ ሞተ ነው። ተነፈሰች ካልክ ተነፈሰች ነው።



፯

በፍቅረማርያም ጉሮሮ የሞቱ፦

ሁለት ነገሥታት። አንድ ሮቦት። መንደር ሙሉ ሰው። ያው ባለጎራዴ ተዋጊ፣ አምስት ጊዜ።

ሰው።

የእውነት ሰው ግን አንድም የለም።

፰

ዓርብ እትዬ ዘርፌ ራሳቸው መጡ። ግድግዳውን ዞረው፣ መሪ ሳይዙ፣ ወረቀቱ ፊት ቆሙ።

«ይቺን ለምን ሠረዝካት? ቀረ እንዴ?»

«አይ፣ ይመጣል እትዬ።»

«ቢቀርማ ጉድህ ነበር! የታናሽየዋን መልክ አላውቀው፤ ዘንድሮ በዓይኔ ላያት ነው። አስካለንም ከደሴ አስመጥቼ አብረን ነው የምናየው። ስልኳ እንቢ አለኝ እንጂ። እነዚህ ልጆች ደግሞ ኔትወርክ ነው ይሉኛል።»

ዞር ብለው አዩት።

«ውይ ልጄ፣ እንዲህ ከስተሃል? ድምፅህ እኮ የወፍራም ሰው ነው።»

ፍቅረማርያም ሳቀ፤ ወዲያው አፈረ። የአስካለን ባይናገር እንኳ የፊልሟን ልጅ ነገር ሊናዘዝላቸው ይችል ነበር። ምላሱ ላይ ደርሶ ነበር። አሥራ አንድ ዓመት የሰው ቃል ሲናገር ኖሮ፣ የራሱን አንዲት ቃል ማውጣት ከበደው። እስክሪብቶ አንሥቶ መስመሯን መልሶ ጻፋት። እሳቸው መርቀውት ሲሄዱ ሠረዛት።

፱

መርዶ ለመንገር፦

ብቻህን አትሂድ። ሰፈር ሳይነቃ ድረስ። ግቢው ውስጥ ጫማህን አታሰማ። በሩ እስኪከፈት ነጠላህን አታዘቅዝቅ። ቁጭ በሉ ቢሉህ አትቀመጥ።

የማንንም ድምፅ አትዋስ።

፲

እሑድ ንጋት ላይ አሥራ ሦስት ሰው ሆነው ገቡ። ፍቅረማርያምን ከፊት አደረጉት። ስንታየሁ ከኋላው ቆሞ ከንፈሩን ነክሷል።

በሩን የከፈቱት እትዬ ዘርፌ ናቸው። ድሮ ቢሆን ኮቴ ሰምተው «ማነው?» ይሉ ነበር። አሁን ያያሉ። አንድ በአንድ አዩዋቸው፦ የዕድሩን ዳኛ፣ ጎረቤቶቻቸውን፣ ልጃቸውን። መጨረሻ ላይ ፍቅረማርያምን።



እትዬ ዘርፌ የበሩን መቃን ያዙ። ከዚያ ያን ያህል የለፉበትን ዓይናቸውን ጨፈኑት። ግድግዳው ማዶ እንዳሉ ጆሯቸውን ወደ ፍቅረማርያም አዘነበሉ።

«ፍቅሬ» አሉ ቀስ ብለው። «ያቺን፣ የበረዶዋን ድገማት።»

፲፩

ፍቅረማርያም በራሱ ድምፅ እንዲህ አለ፦

«                                        »