የጢም ቅናት

ፋንታ ብቸና ከተማ ውስጥ የታወቀ ልብስ ሰፊ ነበር። ሃያ ሦስት ዓመት ቢሞላውም ጉንጩ ለስላሳ፣ ድምፁ ቀጭን ነው። ታናሽ ወንድሙ ውበቴ ግን ገና በዐሥራ ሰባት ዓመቱ ጢሙ ግጥም ብሎ፣ ድምፁ ጎርንኖ አባወራ መስሎ ነበር። ውበቴ ደጅ ተቀምጦ ሲላጭ ፋንታ ማየት አይወድም። አንድ ቀን ምላጩን ሰርቆ ሽንት ቤት ጣለበት። ውበቴ ሌላ ገዛ።

ከፋንታ ሱቅ ፊት ለፊት ስንቄ የምትባል ሴት ሻይ ቤት ከፍታ ነበር። ፋንታ ይወዳታል። ቀሚስ ልታሰፋ በመጣች ቁጥር ግን ወሬዋ አንድ ነው።

«ውበቴ ዛሬ የት ዋለ?»

በ1976 ዓ.ም. ከዐሥራ ስምንት ዓመት በላይ ለሆኑ ወጣቶች የብሔራዊ ውትድርና ምዝገባ መጣ። ከደጀን የተላከ መዝጋቢ ሁለቱን ወንድማማቾች ቀበሌ አስጠርቶ አያቸው። ፋንታን፣ «አንተ ገና ልጅ ነህ» ብሎ አለፈው። ሕዝቡ ሳቀ፤ ስንቄም ከሳቁት መካከል ነበረች።

«ይሄ ወንድምህ ስንት ዓመቱ ነው?» አለው መዝጋቢው።

ፋንታ የሚስቁትን አየ። «ሃያ» አለ።

ውበቴ ዞር ብሎ አየው። «ፋንታ!»

ፋንታ ወደ ሱቁ ሄደ። በሳምንቱ ውበቴ በጭነት መኪና ተወሰደ። ስንቄ መንገድ ዳር ቆማ ስታለቅስ ፋንታ በዚያ ለቅሶ ደግሞ ቀና።

ከወራት በኋላ ሞጣ ልብስ ሊሸጥ ሄዶ ሳለ ጢሙ ለምን እንዳልወጣ ሊጠይቅ ጤና ጣቢያ ገባ። ሲስተር ሰብለ ወንጌል የተባለች ነርስ መረመረችው፤ ደሙንም አዲስ አበባ ላከችለት። ውጤቱ ሲመጣ አስቀምጣ አስረዳችው።

«ከአንጎልህ ሥር አተር የምታክል እጢ አለች። የዘር ፍሬህን፣ ‹ሆርሞን የሚባለውን ቅመም ሥራ› ብላ ታዛለች። ጢም የሚያበቅለው፣ ድምፅ የሚያጎረንነው፣ ጡንቻ የሚያጠነክረው ያ ቅመም ነው። በደም ውስጥ ሲበዛ እጢዋ ትእዛዟን ትቀንሳለች፤ ሲያንስ ትጨምራለች። ያንተዋ አብዝታ ታዛለች፤ የሚመልስላት ግን የለም። በልጅነትህ ጆሮ ደግፍ አሞህ ያውቃል?»

«በዐሥራ ሦስት ዓመቴ። ታች ድረስ አብጦ ነበር።»

«የዘር ፍሬህ ያኔ ነው የተጎዳው። በየወሩ መርፌ ትወጋለህ።»

«እጥፍ አድርጊልኝ! ከወንድሜ መብለጥ አለብኝ።»

«ሰውነት ልክ አለው» አለች ኮስተር ብላ። «መርፌው ከወንድምህ ጋር አያወዳድርህም።»

ፋንታ በየወሩ ሞጣ ተመላለሰ። መጀመሪያ ፊቱ ቡግር በቡግር ሆነ፤ ቀጥሎ ድምፁ ተሰባበረ። በሁለተኛው ዓመት ጢሙ ወጣ። ተላጭቶ ስንቄ ሻይ ቤት ሲገባ፣ «እንዴት አምሮብሃል!» አለችው። ወዲያው ግን፣ «ውበቴ ደብዳቤ ጽፎልኛል» ብላ አነበበችለት።

ውበቴ ከሦስት ዓመት በኋላ ሁለት ጣቶቹን አጥቶ ተመለሰ። ወንድሙን ከላይ እስከ ታች አየው።

«ለምን ነበር ያን ቀን የዋሸኸው?»

«ጢምህ አስቀንቶኝ።»

«ለዚህ?» አለ ውበቴ። ወጥቶ ሄደ፤ ዓመት ሙሉም የወንድሙን ደጅ አልረገጠም።

አንድ ጠዋት ግን መጣ። ስንቄን ሊያገባ ነው።

«የሰርጌን ሱሪ ስፋልኝ። ለካኝ» አለው።

ፋንታ ተንበርክኮ ለካው። ቅናቱ አሁንም አልለቀቀውም። ሁለት ቀን ሌላ ሥራ ሳይነካ ያንን ሱሪ ብቻ ሰፋ፤ ስፌቱ አልጥም ሲለው ፈትቶ እንደገና ሰፋው።